ዘጠኝ ሰው፣ አራት ኩንታል

ሥራዬ የጭነት መኪና ማሰማራት ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የትኛው መኪና ስንት ሰዓት ላይ ከየት እንደሚነሳ፣ ምን እንደሚጭን፣ የት እንደሚያራግፍ እወስናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ ወንድሜ ለሠርጉ ዘጠኝ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ በረራ እንደሚመጣ ሲነግረኝ አላቅማማሁም። «የኤርፖርቱን ነገር ለኔ ተወው» አልኩት። በኩራት ነው ያልኩት። ዘጠኝ ሰው ምን አላት!

ዘጠኙ እነዚህ ናቸው። እማዬ። የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ ሰማንያ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት የቀራቸው። ባለቤታቸው እትዬ። ሁለቱ አክስቶቼ። የትንሿ አክስቴ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ስልክ ከእጁ የማይለይ። የጋሼ ልጅ ከሁለት ሕፃናቷ ጋር። ቪዛ የጠየቁት አሥራ አራት ነበሩ፤ አምስቱ ተከልክለው ቀሩ። ዘጠኝ ሰው ማለፉን እንደ ተአምር ቆጥረውት እዚያ ቤት ድግስ ቢጤ ተደርጓል።

እኔ ደግሞ ሒሳብ ጀመርኩ። ወደ አሜሪካ ሲመጣ በአንድ የኢኮኖሚ ትኬት ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሕፃናቱም ወንበር ስለተገዛላቸው እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራሉ። የስድስት ዓመቷ ልጅ ራሷ ሃያ ኪሎ አትሞላም፤ 46 ኪሎ ግን ይዛ መምጣት ትችላለች። ሀበሻ ደግሞ የተፈቀደለትን ኪሎ አያስቀርም። ቢተርፍ እንኳ የጎረቤት አደራ ይሞላዋል። 18 ሻንጣ፣ 414 ኪሎ። አራት ኩንታል ከምናምን ማለት ነው፣ በእጅ የሚያዘው ሳይጨመር። ጤፍ ቢሆን ስንት አህያ ይፈጅ ነበር ብዬ ከወንድሜ ጋር ስቀንበታል።

የሚያርፉት ደለስ ነው። ይሄ ስም ብቻውን ጣጣ አለው። እትዬ ለሰፈሩ ሁሉ «ዳላስ ነው የምንወርደው» ብለው ኖሮ፣ ቴክሳስ ያለ ዘመድ ደውሎ «እዚህ ድረስ መጥታችሁ እኔ ቤት ሳታድሩ?» ብሎ ተቀየመ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚለያያቸው ሁለት ቦታዎች ናቸው ብሎ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ደለስ የዋሽንግተን ኤርፖርት ይባል እንጂ ያለው ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ነው። ገጠር የነበረው ማለቴ ነው፤ አሁን በሕንፃ ተከቧል። ከመሃል ከተማው 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ቢሾፍቱ ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ ማለት ነው። ቦሌ ለለመደ ሰው ይሄ አይገባውም። ቦሌ እኮ ከተማው ውስጥ ነው። ከበሩ ስትወጣ ማኪያቶ ይሸትሃል። አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አጠገብ ሲያልቅ አዲስ አበባም የኛን ችግር ትቀምሳለች።

እስካሁን የኛ ሰው ችግሩን የፈታው በዘመድ መኪና ነው። እማዬ የዛሬ ስምንት ዓመት መጀመሪያ ስትመጣ ሃያ ሰው ሆነን ሄደን ነው የተቀበልናት። ሰባት መኪና። አንድ ሰው ለመቀበል! አበባ የያዘ፣ ፊኛ የያዘ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ። ስንመለስ ሁለቱ መኪኖች የተሳሳተ መስመር ገብተው የክፍያ መንገድ ላይ ወጡ። ከደለስ የሚወጣው መንገድ ሁለት ነው፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መሃል ያለው ለኤርፖርት ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ነፃ ነው። ዳር ያለው ያስከፍላል። አንዴ ከተሳሳትክ ከጎንህ ያለውን ነፃ መንገድ እያየህ እየከፈልክ ትሄዳለህ። እማዬ ያለችበት መኪና ደግሞ ቤት የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ተቀባዮቹ ቀድመው ገብተው ዶሮ ወጥ ጀምረው ነበር።

ይሄንን ላለመድገም ነበር ዕቅዴ። ሰው በአንድ፣ ዕቃ በሌላ። የሥራዬ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አሥራ አምስት ሰው የሚጭን ቫን አለ ሲሏችሁ እንዳትሸወዱ። አሥራ አምስቱ ሰው ከተቀመጠ ለሻንጣ የሚተርፈው ቦታ ለአንድ የእጅ ቦርሳና ለአንድ ዣንጥላ ነው። ስለዚህ ለ18ቱ ሻንጣ የወንድሜን ጓደኛ ከነፒክአፑ ለመንኩ። ሸራና ገመድ ይዞ ይመጣል። ለትልልቆቹ ቫን ከነሾፌሩ ተከራየሁ። አራቱን ወጣትና ሕፃናት ደግሞ በባቡር ልልካቸው አሰብኩ።

ባቡሩን እወደዋለሁ፤ አልደብቅም። ኤርፖርቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ያን ጊዜ ጀምሮ «ባቡር ይገባለታል» ሲባል ኖሮ የገባለት በኅዳር 2022 ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ! ስልቨር ላይን ይባላል። ሻንጣ ከሚወሰድበት ቦታ በእግር ትንሽ ሄደህ ትሳፈራለህ፤ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዋሽንግተን መሃል ትገባለህ። ዋጋው ከ7 ዶላር አይበልጥም። ታክሲ ብትይዝ የዚያን አሥር እጥፍ ትከፍላለህ። የሚከፈለው ሰው ብዙ ጊዜ የኛው አገር ልጅ መሆኑ ያጽናናል እንጂ አይቀንስም።

ዕቅዱን በቀለም ለይቼ፣ በሰዓት ከፋፍዬ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላክሁት። ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ አንድ ነበር። ትልቋ አክስቴ በድምፅ ልካዋለች። «አብረን ተነስተን አብረን ነው የምንገባው። ደግሞ አንቺ ልትቀበይን ነው ወይስ ልታስጭኚን?»

ሳቅሁ። ግን ቃሉ ውስጤ ቀረ። እውነቷን ነው። እኔ የጻፍኩት መነሻ፣ መድረሻ፣ ክብደት ነው። እነሱ የሚጠብቁት መቀበል ነው። በእኛ ቋንቋ ኤርፖርት ሰው «ለመቀበል» እንጂ «ለማድረስ» አይኬድም። ማድረስ ለዕቃ ነው፤ አለዚያም ለሚሄድ ሰው። ባቡሩን ሰረዝኩት። ዘጠኙም በቫን፣ ሻንጣው በፒክአፕ። ለሾፌሩ ደወልኩ። በአማርኛ ነው ያወራነው፤ ጨዋ ሰው ነው።

«ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደለስ፣ የመውጫው በር።»

«እሺ እህቴ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል። አታስቢ።»

እዚህ ጋ አስተዋይ አንባቢ ስህተቱን አይቶታል። እኔ አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ላይ አረፈ። እኔ ከወንድሜ ጋር የመቀበያው አጥር ጋ ቆሜያለሁ። ሁለት ሆነን ብቻ ነው የሄድነው፤ የዕቅዱ አካል ነው። ዙሪያችን ያለው ግን የድሮው ዓለም ነው። ነጠላ ያደረጉ እናቶች። ጽጌረዳ የያዘ ጎረምሳ፣ ምናልባት ባለቤቱን የሚጠብቅ፤ በየሁለት ደቂቃው ጫማውን ያያል። አንዲት ሴት በትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ይዛ መጥታ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ትቀዳለች። የአዲስ አበባው በረራ መውጣት መጀመሩን በሰሌዳው አይደለም የምታውቀው። በሩ ሲከፈት የበርበሬ ሽታ ይቀድማል። ከዚያ በገመድ የታሰረ ካርቶን ይመጣል። ከዚያ እልልታ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። መጀመሪያ የወጡት ዊልቸሮች ናቸው። ሦስት በተርታ፤ እማዬ፣ እትዬ፣ ትልቋ አክስቴ። ሦስቱም እግራቸው ደህና ነው። እማዬ በየዓመቱ ኩክ የለሽ ማርያምን ወጥታ የምትወርድ ሴት ናት። ግን አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር ይሄ ነው፤ «ዊልቸር ጠይቂ፣ ቋንቋውም ሰልፉም አያስቸግርሽም።» የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቃል፤ መኮንኑ ፊት ያደርስሃል፤ ሻንጣህን ይፈልግልሃል። ሰው በነፃ አስተርጓሚ ያገኛል ማለት ነው፣ ጎማ ያለው አስተርጓሚ። ጋሼ ግን እምቢ ብለዋል። ከዊልቸሮቹ ኋላ በከዘራቸው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው መጡ።

እማዬ ከተነሳችበት ወንበር እኔ ላይ ተጠምጥማ መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ጉዞው አይደለም። «ሳሎን ቤት ውስጥ አስገብተው ነዱን!» አለችኝ። ለካ ተንቀሳቃሽ ሳሎኖቹን ነው። ደለስን የነደፈው ኤሮ ሳሪነን የሚባል አርክቴክት ሰው ብዙ እንዳይራመድ ብሎ፣ ከአውሮፕላኑ እስከ ሕንፃው የሚያመላልስ ባለ ትልልቅ ጎማ ክፍል አሠራ። ራሱ ኤርፖርቱ ሲከፈት ሳያይ በ1961 ሞተ። ክፍሎቹ ግን ይኸው እስካሁን ሰው ያጓጉዛሉ። እማዬ በጣም ደንቋታል። «ግድግዳው በር ነው፤ በሩ ይሄዳል» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ተረከችው።

ሰባት ሰው ወጣ። ስምንተኛው የአክስቴ ልጅ ነው፤ እሱም ወጣ። ትንሿ አክስቴ የለችም።

«የት አለች?»

«ቋንጣ» አለ ልጇ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

የቡና ዱቄትና ሽሮ በአግባቡ ካስመዘገብክ ያልፋል። ሥጋ ግን አያልፍም፤ የደረቀም ቢሆን። ይሄን በቴሌግራም ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ አንዱን በቀይ። አክስቴ ለመኮንኑ የሰጠችው መልስ በአስተርጓሚው በኩል ሲደርስ ምን እንደሚመስል አላውቅም። በአማርኛ ግን «ቋንጣ እኮ ሥጋ አይደለም፣ ደርቋል» ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ይዘው፣ ሻንጣዎቿን በርብረው፣ ሁለት ኪሎ ቋንጣ ወስደው ለቀቋት። ስትወጣ አላለቀሰችም። «ጥለውት እንዳይሆን፣ ግፍ ነው፤ ቢበሉት ይሻላል» አለች።

ታዲያ እሷን ስንጠብቅ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ቫኑ የለም። ፒክአፑ ግን መጥቷል። መውጫው በር ላይ ቆሞ መጠበቅ አይፈቀድም፤ ፖሊስ «ሂድ፣ ሂድ» ይላል። ምስኪኑ ልጅ ኤርፖርቱን አራት ጊዜ ዞሮ አምስተኛው ላይ ጫንን። አሥራ ስምንት ሻንጣ። ሁሉም ላይ ቀይ ሪባን አለ፤ እንዳይጠፋ ብለው ነው። የበረራው ግማሽ ሰው ያሰረው ያንኑ ሪባን መሆኑን ያኔ አላሰብኩበትም።

ለሾፌሩ ደወልኩ። ስልኩን ሲያነሳ እያዛጋ ነው።

«የት ደረስክ?»

«ቤት ነኝ። ምነው?»

«እንዴት ቤት ትሆናለህ? ሦስት ሰዓት ተኩል አላልኩህም?»

«አዎ። ሦስት ሰዓት ተኩል። ገና አምስት ሰዓት ይቀራል እኮ።»

ጸጥ አልን፣ ሁለታችንም። ልጁ አሜሪካ የመጣው በስምንት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አማርኛው ከኔ ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ሰዓቱ ብቻ የፈረንጅ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲለኝ ከቀትር በኋላ ነው ያሰበው። እዚህ አገር አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ሁለት ሰዓት ይዞ ነው የሚሄደው፤ አንዱ የሀበሻ አንዱ የፈረንጅ፣ የትኛውን እንዳወጣ አይነግርህም። እኔ በሥራዬ ላይ አንዲት መኪና ስንት ሰዓት እንደምትመጣ በሁለት መንገድ ሳላረጋግጥ አላሰማራም። ለዘመድ ሲሆን ግን «አታስቢ» አለኝና አላሰብኩም።

«እመጣለሁ፣ አሁኑኑ እመጣለሁ፤ ይቅርታ» አለ። ከአሌክሳንድሪያ ነው የሚነሳው። ገና የጠዋቱ የመኪና ግርግር አላለቀም።

እዚያው ቁጭ አልን። ምን ይደረጋል? ቅዠት ይሆናል ብዬ ነበር የፈራሁት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ባለ ፔርሙዟ ሴት እንግዳዋ ገና ስላልወጣች ከነሻይዋ መጣች። እትዬ ከእጅ ቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አወጡ። ትልቋ አክስቴ የጽጌረዳውን ጎረምሳ ማንነት፣ አገሩንና ሥራውን በአምስት ደቂቃ አጣራች። ሕፃናቱ መሬት ላይ ተኙ። እማዬ እጄን ይዛ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ ማን ቤት እንደሸጠ ተራ በተራ ነገረችኝ። ያን ሁሉ ቫኑ በሰዓቱ ቢመጣ ኖሮ አትነግረኝም ነበር። የፊት ወንበር ላይ ሆኜ ስልክ ነበር የምመልሰው።

ጋሼ ብቻ አልተቀመጡም። ቆመው ምልክቶቹን ያነባሉ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ነው የጨረሱት፤ ድሬዳዋ። ፈረንሳይኛ የሚችሉት ለዚያ ነው፤ የድርጅቱ ሥራ በፈረንሳይኛ ነበር።

«ባቡር አለ አላልሽም?» አሉኝ።

«አለ ጋሼ፤ ግን አብረን እንግባ ተባለ።»

«እኔ ተጠየቅሁ እንዴ?»

ከዚያ ለገሃርን አነሱ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በ1929 ተመረቀ። «ለገሃር» ራሱ የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ። ጋሼ ወጣት ሳሉ የድሬዳዋ ሰው ለሠርግ ሲመጣ ጓዙን ይዞ፣ ሃያም ሠላሳም ሆኖ ይወርድ ነበር። ተቀባዩ እዚያው ሐዲዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ኩሊው ሻንጣ ይሸከማል፣ ጋሪ ይያዛል፣ ፊትህን ስታዞር ቸርችል ጎዳና አለ። «ባቡር ከተማው ሆድ ውስጥ ነው የሚያወርድህ» አሉ። «አውሮፕላን ሜዳ ላይ ጥሎህ ይሄዳል። ይሄው፣ ደርሰናል ይሉናል፣ አልደረስንም።»

የአክስቴ ልጅ ወዲያው ተነሳ። እሱም ቫኑን መጠበቅ ሰልችቶታል። የኔንና የባለቤቴን የባቡር ካርድ ሰጠኋቸው። አንድ ካርድ ለሁለት ሰው አይሠራም፤ በነፍስ ወከፍ ነው። ልጁን በደንብ አስረዳሁት። ስልቨር ላይን፣ ላንፋን ፕላዛ መውረድ፣ ከዚያ ግሪን ላይን፣ ጆርጂያ አቬኑ ፔትዎርዝ። እማዬ «ወንድሜን እንዳታጠፉት» ብላ ልትከለክል ሞከረች። ጋሼ ግን ኮታቸውን አስተካክለው ከዘራቸውን እያማቱ ሄደዋል።

ቫኑ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ሾፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ያደረገው እማዬ ፊት ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ነው። እማዬ ጉንጩን ሳመችው። «ምን አጠፋህ ልጄ፣ ሰዓቱ ነው እንጂ» አለችው። እኔን ማንም አልሳመኝም።

መንገዱ ላይ ብዙ የሚነገር የለም። ሁሉም አንቀላፉ፤ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ሲቀር። ታይሰንስ ስንደርስ ረጃጅሞቹን ሕንፃዎች አይቶ «ዋሽንግተን!» ብሎ ጮኸ። አይደለም፣ ገና ነው አልኩት። የሩዝቬልትን ድልድይ ተሻግረን እውነተኛው ዋሽንግተን ስንገባ ልጁ ግራ ተጋባ። «ፎቁ የታለ?» በ1910 የወጣ ሕግ አለ፤ እዚህ ከተማ ረጅም ፎቅ መሥራት አይቻልም። ሁሉም ዝቅ ያለ ነው። የዋሽንግተን ሐውልት ጎን ስናልፍ ቁመቱን ጠየቀኝ። 169 ሜትር። ትንሽ አሰበና የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ፈለገ። «የኛ ንግድ ባንክ 209 ነው!» እናቱ ነቅታ «ዝም በል፣ ሰው አገር ነው» አለችው። ልክ ነው ግን፤ አርባ ሜትር ይበልጣል።

ሾፌሩ ሳልጠይቀው በዩ ስትሪት አዞረን። ለካሳ ይመስለኛል። ዘጠነኛው መንገድ አካባቢ በአማርኛ የተጻፉ ሰሌዳዎች ሲመጡ አክስቶቼ እንደ ተማሪ አብረው ማንበብ ጀመሩ። «ምግብ ቤት... ቡና... ሥጋ ቤት...» ትንሿ አክስቴ እዚህ ላይ ዞረችብኝ። «ሥጋ ቤት ካላቸው የኔን ቋንጣ ምን አድርጉ ብለው ነው?»

በዚህ መሃል ከጋሼ ስልክ መጣ። ማለት ከልጁ ስልክ፣ ጋሼ ነጥቀውት። ድምፃቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው።

«ሕፃኑ ጋ ደርሰናል!»

«የቱ ሕፃን?»

«ላንፋን! ሕፃኑ ማለት እኮ ነው በፈረንሳይኛ። ጣቢያውን ሕፃኑ ብለውታል!»

አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ጣቢያ ስመላለስ አንድ ቀን ትርጉሙን አላሰብኩትም። ላንፋን በ1791 ይህችን ከተማ የነደፈ ፈረንሳዊ ነው። ስሙን እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንደመጣለት ይጠራዋል። ጋሼ ግን በትክክል ጠሩት። ባቡሩ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴትም አስረድተዋታል አሉ፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ ልጁም አያውቅም።

ቤት ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። ቤቱ ፔትዎርዝ ነው፤ ለሁለት ሳምንት የተከራየነው። ጋሼ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከጎረቤቱ ሽማግሌ ጋር ውሃ ይጠጣሉ። ቀድመውናል። የሰዓት ኪሳቸውን መታ መታ አድርገው አዩኝ እንጂ ምንም አላሉም። ማለትም አያስፈልግም ነበር።

ሻንጣ ተራገፈ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት። እፎይ አልኩ። በጭነት ሥራ ቁጥሩ ከገጠመ ተዘጋ ማለት ነው፤ ፈርመህ ትሄዳለህ።

ማታ ላይ እማዬ የሠርግ ቀሚሷን ልታሳየን ሻንጣ ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው። የሕፃን ካልሲ። የተጠቀለለ ነጭ ጋቢ፣ ትንሽዬ። አራት ፌስታል የገብስ ዱቄት ለገንፎ፣ የአጥሚት እህል፣ በላዩ በእስክሪብቶ «ለአራሷ» የሚል ተጽፎበታል። ክዳኑ ውስጥ በፕላስተር የተለጠፈ ስልክ ቁጥር አለ።

ደወልኩ። የሕፃን ልቅሶ ቀድሞ ተሰማኝ፤ ከዚያ የደከመ የሴት ድምፅ። አዎ፣ ሻንጣዋ የእናቷ ነው፤ ልታርሳት ዛሬ ጠዋት ነው የገባችው። የኛም እዚያ ነው። ጥልፍ ያለበት ቀሚስ አይተው ደንግጠዋል። ቤታቸው ማናሰስ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ከደለስም አልፎ።

«ክንዷን የተነቀሰች፣ ጠይም፣ ረጅም ሴት ናት እናቷ?» አለች እማዬ ከጀርባዬ። ስልኩን አስጠግቼ ጠየቅሁላት። አዎ አለች ልጅቷ።

«አጠገቤ ነው ተቀምጣ የመጣችው! ሌሊቱን ሙሉ ስናወራ አድረን! የልጇን መውለድ ነግራኛለች።» እማዬ ነጠላዋን ፍለጋ ተነሳች።

ነገ ብቻዬን አደርሳለሁ ብል ማን ይሰማኛል። አራስ ሳይጠየቅ? ትልቋ አክስቴ ጫማዋን አድርጋለች። እትዬ ያልተወሰደባቸውን ማር ከሻንጣ እያወጡ ነው። ጋሼ እስከ ማናሰስ ባቡር አለ ወይ ብለው ልጁን ያስፈልጉታል። ቆጠርኩ፤ ከኔ ጋር ሰባት ሆንን፣ አንድ ሻንጣ። የኔ መኪና አምስት ሰው ነው የሚይዘው።

ለሾፌሩ ደወልኩ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልትመጣልን ትችላለህ?»

ቶሎ አልመለሰልኝም።

«በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» አለ።